አራት ደቂቃ

በሳስካችዋን ሜዳ በረዶው ሳይጠና፣
ዴልመር ፍሪዘን መጣ፤ ቢሮዬ ገባና
ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ጣለ፤
«ጠጥቼ ነበረ፣ ጠበቃዬ» አለ።

«ቆይ እንጂ፣» አልኩት፣ «እኔ መቼ ጠየቅሁህ?
በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም በል ባክህ።
ወረቀቱን አምጣው፤ እሱ ይናገርልህ።»

ወረቀቱ ተናገረ።
እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ቅዳሜ አድሮ እሑድ፤
ሃያ ሦስት ቁጥር፣ የጠጠሩ መንገድ፤
ነጭ ፒክአፕ መኪና፤ ከስንዴ ጎተራው ማዶ
አንድ የፖስታ ሣጥን ከነምሰሶው ተንዶ።
ሕግ የሚታገሠው ሰማንያ ነው፤ የእሱ ትንፋሽ ግን
መቶ ሠላሳ አንድ። ፊርማ። ማኅተም። ቀን።

የፖስታ ሣጥኑ የወይዘሮ ቶራ ነው፤
ሦስት የልጅ ልጆቿን ማለዳ ማለዳ
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከዚያው ሥር ነው የሚጭነው።
ይህን ክሱ አልጻፈም። እኔም አላነሣሁት።
በዚያ መንገድ ሳልፍ ግን ስንት ጊዜ አየሁት።

የሜኖናይት ልጅ ነው፤ ከአባት ከአያቱ
ጠብታ መጠጥ ደፍሮ አልገባም ከቤቱ።
ጠርሙሱ የሚያድረው ከትራክተሩ ወንበር ሥር፤
ሚስቱ የምታውቀው፣ የማታወራው ምሥጢር።

እኔ ኦረስት ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ልጆቼን ያሳደግሁት
«ማሽን ይሳሳታል» ብዬ በተከራከርሁት።
ሕጉ አንድ ስንጥቅ አለው፦ ማሽኑ ሳይነፋ፣
ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ ዓይን ሳይነቅል፣ ሳይጠፋ፣
ፖሊሱ ይጠብቅ፤ ሰውዬው እንዳያገሣ፣ እንዳይተፋ፣
የሆዱ ወደ አፉ ወጥቶ ቁጥሩ እንዳይሰፋ።

ሦስት ሌሊት አፈጠጥሁ ድምፅ በሌለው ፊልም፦
ግድግዳ፤ ሰዓት፤ ዴልመር፣ አገጩ ደረቱ ላይ፤
ፖሊሱ የለም።
ነበረ? አልነበረም?
የቆመበትን ጥግ ካሜራው አያይም።
ከእግዜርና ከራሱ በቀር
የሚመሰክር የለም።

ችሎት፣ የካቲት። ኮንስታብል ቫንዳል፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣
ጫማው የተወለወለ፣ ቀጭን አንገቱ።
መልሱን የማያውቀውን ጠበቃ አይጠይቅም፤
እኔ ግን ጠየቅሁት፤ ሌላ መንገድ የለም፦
«ያን ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያች ክፍል ወጥተዋል?»
«አልወጣሁም» ቢለኝ፣ በዚያች ቃል ያበቃል።

የማሞቂያው ቧንቧ ኳ፣ ኳ አለ።
ዐቃቤ ሕጓ እስክሪብቶዋን አቆመች።

ልጁ ዴልመርን አየ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን፤
«ወጥቻለሁ፣» አለ፣ «አራት ደቂቃ ይሆን፤
ታናሽ እህቴ ደውላ፤ ጎማዋ ፈንድቶ
በሃያ ሦስት ቁጥር መንገድ ዳር፣ መብራቷ ጠፍቶ፣
ብቻዋን ቆማ ነበር።»
ዝም አልን ሁላችንም።
ያው መንገድ ነው። ያው ሌሊት።
ሌላ አልጠየቅሁትም።

ዳኛ ሃርሎፍ መነጽሯን አወለቀች፤ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፦
«ማስረጃው ውድቅ ሆኗል። ተከሳሹ በነጻ ተሰናብቷል።»

እውነት እያደር ይጠራል ይላሉ። እንጃ።
እኔ ያየሁት እውነት ጠርቶ ነው የደፈረሰ፤
የተናገረው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣
ዝም ያለው ሰው ነጻ ወጣ፣
ዝምታውን የሸጥሁለት እኔ
ክፍያዬ ኪሴ ደረሰ።

ኮሪደሩ ላይ ዴልመር እጄን አልጨበጠም።
ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ፤
«እስኪቀልጥ በረዶው» አለ። ሌላ አልተናገረም።
ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው እርሻው፤ በእግሩ ጀመረ።
በመኪና ደረስሁበት፤ መስታወት ዝቅ አደረግሁ፤
ሳያየኝ እጁን አወዛወዘ፦ ሂድ። ሄድሁ።

ማታ ባልደረቦቼ «ለድሉ!» ብለው ቀዱ፤
አንድ ጠጣሁ፤ ሁለት፤ ከዚያ በኋላ ማን ቆጥሮ?
ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ፤ ነፋሱ ይጋረፋል።
ኪሴን ዳበስሁ፦ ሁለት ቁልፍ፣
ሁለቱም ቀዝቃዛ፣ ሁለቱም ጥርሳም፤
የቱ የእሱ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ
በጨለማው ውስጥ
ጣቴ መለየት አልቻለም።